እህል ይላክ ወይስ እውቀት? ለአንድ የእፅዋት ሳይንስ ተማሪ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የሶስተኛ ዓመት የእፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ዓለም ከ60 ዓመት በላይ የምግብ እርዳታ ሲያመላልስ ኖሯል፣ ረሃብ ግን አሁንም አለ። እርዳታ ሰውን ጠባቂ ያደርጋል፣ የገበሬውንም ገበያ ይገድላል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እህል መላኩን ትቶ ገንዘቡን በሙሉ ሳይንስ ማካፈል ላይ ማዋል አይሻልም? እኔስ በዚህ ሙያ መስራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚመልስልህ እወቅ። የስነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፣ ስራዬ ረሃብ የገባበት ቦታ ዳሰሳ መስራትና ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው፣ ስለዚህ ወደ እርዳታው ትንሽ ባዳላ አይግረምህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።

አጭሩ መልስ አይሻልም ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ነው የተለያዩ የሚመስሉት እንጂ ስራው ውስጥ ስትገባ እርዳታው ዛሬ የሚሰራው ሳይንስ ስላለበት ነው፣ ብዙ ሳይንስም ገበሬው ጋ የደረሰው በእርዳታ መኪና ተጭኖ ነው። አንዱን ስትቆርጠው ሌላው ምን እንደሚሆን ደግሞ በቅርቡ አይተነዋል፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «ረሃብ አልጠፋም» የሚለውን እናጥራው። የተባበሩት መንግስታት ድርጅቶች በ2025 ባወጡት ሪፖርት በ2024 የተራበው ሰው ወደ 673 ሚሊዮን ነው፣ ከዓለም ህዝብ 8.2 በመቶ ማለት ነው። ጤናማ አመጋገብ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ደግሞ 2.6 ቢሊዮን ገደማ ነው። የምግብ እርዳታ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ ህዝብ ለጥቂቱ ነው፣ በዋናነትም ጦርነት፣ ድርቅ ወይ ጎርፍ ድንገት ለጣለው ሰው። ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየጎደለበት የሚኖረው ድሃ በእርዳታ ይወጣል ብሎ ያቀደ ሰው የለም፣ ስለዚህ ረሃብ ስላልጠፋ እርዳታው ከሽፏል ማለት አይያዝም። መጠየቅ ያለበት እርዳታው የተባለለትን ስራ በጊዜው ሰርቷል ወይ የሚለው ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ወቀሳህ ግማሹ ልክ ነው።

ልክ የሆነውን ልንገርህ። አሜሪካ የምግብ እርዳታ ህጓን ያወጣችው በ1954 ነው፣ ያኔ ገበሬዎቿ ያመረቱት ስንዴ ተርፎ መጋዘን ሞልቶ ነበር፣ ስለዚህ ከመነሻው ትርፍ እህልን ማስወጫ መንገድም ነበር። እህሉ ከዛው ይገዛል፣ ቢያንስ ግማሹም በአሜሪካ ባንዲራ በሚሄድ መርከብ ይጫናል ይላል ህጉ። ውጤቱ ምን መሰለህ፣ የራሷ የአሜሪካ የኦዲት መስሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ሪፖርት ከዛ ተጭኖ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች የሚሄደው እህል በአማካይ 147 ቀን ሲፈጅ እዛው አገር ውስጥ ወይም ጎረቤት አገር የተገዛው ግን ከ35 እስከ 41 ቀን ነው የወሰደው፣ ወጪውም በ34 በመቶ ያነሰ ነው። 147 ቀን ማለት ወደ አምስት ወር ነው፣ በአምስት ወር ውስጥ የተራበው ይሞታል ወይ ይሰደዳል፣ እህሉም አንዳንዴ የሚደርሰው አዲሱ ምርት ገበያ ሲወጣ ነው፣ ያኔ ነው የገበሬው ዋጋ የሚወድቀው። ከዚህ የባሰው ደግሞ እህሉን ተቀብሎ እዛው ገበያ ላይ ሸጦ በብሩ ፕሮጀክት መስራት ነበር። ኬር የተባለው ድርጅት ይሄ ነገር ገበሬውን ይጎዳል ብሎ በ2007 ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እንዲህ አይነት እርዳታ አልፈልግም ብሏል፣ ትልቅ ውሳኔ ነው፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ገንዘብ እኮ ነው የተመለሰው።

ጠባቂ ያደርጋል የሚለው ግን ያን ያህል አይቆምም። ዳታው ላይ እርዳታ የሚቀበለው ቤተሰብ ከማይቀበለው ያነሰ ሲሰራ ታያለህ፣ ግን ድሮም እርዳታ የሚሰጠው ለማን ነው? ሰራተኛ እጅ ለሌለው፣ ለአሮጊት፣ መሬቱ ለጠበበው፣ በሬው ለሞተበት። እድሜውን፣ መሬቱን፣ የቤተሰቡን ብዛት አስተካክለህ ስታወዳድር ልዩነቱ ይጠፋል ወይ ይቀንሳል፣ ይሄን ያዩ ጥናቶች አሉ። ደግሞ እስቲ አስበው፣ ሙሉ ራሽን የሚባለው ለአንድ ሰው በቀን 2100 ኪሎ ካሎሪ ነው፣ ያም ገንዘብ ሲያጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ወር ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም። እሱን ተማምኖ እርሻውን የሚተው ገበሬ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን አሁን ደግሞ እርዳታ ማለት እህል ብቻ አይደለም። አማርትያ ሴን (በ1998 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው) የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ሲመረምር ያገኘው፣ እህሉ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር በሚያስረዳ መጠን አልቀነሰም ነበር፣ የቀነሰው የሰራተኛው የመግዛት አቅም ነው። ከዛ የተወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፣ ገበያው ላይ እህል ካለ ብር ስጠው፣ ነጋዴው ራሱ ያመጣለታል። ዛሬ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከሚሰጠው ትልቅ ድርሻ ያለው በካሽ፣ በቫውቸርና በሞባይል ብር ነው። መንገድ ከተዘጋና ገበያው ባዶ ከሆነ ግን ካሽ ወረቀት ነው፣ ያኔ እህሉን ራሱን ማድረስ አለብህ፣ አማራጭ የለውም።

ሳይንሱ እርዳታው ውስጥ እንዴት እንደገባ ለማየት ደግሞ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ህፃን የሚሰጠው አንድ ፓኬት ፕላምፒ ነት ይበቃል። ድሮ በጣም የተጎዳ ህፃን ሆስፒታል ተኝቶ በውሃ የሚበጠበጥ ወተት ነበር የሚሰጠው፣ ኤፍ 75 ከዛ ኤፍ 100 ይባላል፣ አሁንም ለባሰበት ልጅ አለ። ችግሩ ውሃ ያስፈልገዋል፣ ውሃው ካልተጣራ ወተቱ ራሱ በሽታ ይሆናል፣ እናትየውም ሌሎቹን ልጆች ጥላ ለሳምንታት እዛ መቀመጥ አለባት፣ ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ጭራሽ አይመጣም። በ1996 አንድሬ ብሪዮን የተባለው የፈረንሳይ ሀኪም ኑትሪሴት ከተባለው የምግብ ኩባንያ ባለቤት ጋር ሆኖ ያንኑ ወተት በለውዝ ቅቤ ውስጥ ከተተው። የለውዝ ቅቤ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ሚኔራል፣ በቃ። 92 ግራሟ ፓኬት 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች፣ ውስጧ ውሃ የለም ማለት ይቻላል ስለዚህ ባክቴሪያ አይራባባትም፣ ፍሪጅ አትፈልግም፣ ማብሰያ አትፈልግም፣ ልጁ ራሱ ጫፏን ቀዶ ይመጠምጣታል።

በቦታው ብትሆን የምታየው እንዲህ ነው። የልጁ ግራ ክንድ መሃሉ ላይ ሙዋክ በምንለው ባለቀለም ሜትር ይለካል፣ ከ115 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፣ ከ115 እስከ 125 ባለው ውስጥ ከሆነ ቢጫ። ከዛ ሁለቱንም የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ለሶስት ሰከንድ ያህል ትጫናለህ፣ ስትለቅ ጉድጓዱ ከቀረ ልጁ ወፍራም ቢመስልም አብጦ ነው፣ ሜትሩ አረንጓዴ ቢያሳይ እንኳን ከባድ ኬዝ ነው። ቀጥሎ ፓኬቷን ለእናትየው ትሰጣታለህ፣ እጇን ታጥባ ለልጁ ታቀምሰዋለች፣ አንተ ዝም ብለህ ታያለህ። ከበላ ለሳምንት የሚሆነውን ይዛ ቤቷ ትገባለች፣ እምቢ ካለ ወደ ሆስፒታል ነው፣ ምክንያቱም የምግብ ፍላጎቱ መጥፋት ውስጡ ሌላ ነገር እንዳለ ይነግርሃል። ይሄን ሁሉ ፊደል ያልቆጠረች እናት ራሷ መስራት ትችላለች፣ ክንድ መለካቱን ብዙ ቦታ እናቶች እያስተማርናቸው ቤታቸው ይሰሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይሄን ቤት ለቤት ህክምና በጋራ የደገፉት በ2007 ነው፣ ፓኬቷ ከተፈጠረች 11 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አየህ፣ እውቀቱ ኖሮ እንኳን መንገዱ ረጅም ነው። ፓተንቱም አከራክሯል፣ ለምን አንድ ኩባንያ ይይዘዋል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ ተደርሷል፣ ኩባንያው በ2010 ለታዳጊ አገር አምራቾች ፈቃዱን ከፈተው።

እዚህ ጋ አንተ ትገባለህ፣ ልብ በል። ፋብሪካውን ታዳጊ አገር ላይ ስታቋቁም የመጀመሪያው ራስ ምታት ማሽኑ አይደለም፣ አፍላቶክሲን ነው። ለውዙ ላይ በሚያድግ ሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፣ ገደቡን ካለፈ ምርቱ በሙሉ ይጣላል፣ ስለዚህ ፋብሪካው ደጁ ላይ ያለውን ለውዝ ትቶ ከውጭ ያስመጣል። መፍትሄው ከእፅዋት ሳይንስ ነው የመጣው፣ መርዝ የማይሰራውን የዛኑ ሻጋታ ዘመድ ማሳው ላይ ትበትናለህ፣ ቦታውን ይዞ መርዘኛውን ያስወጣዋል፣ አፍላሴፍ ይባላል።

ስለ ሳይንስ ማካፈል ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው የስንዴ አዳቃዩን ኖርማን ቦርላውግንና ምርት በአዲስ ዝርያ የጨመረበትን አረንጓዴውን አብዮት ነው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ከጃፓን ዝርያ የተዳቀለው አጭር ስንዴ፣ የ1970 የሰላም ኖቤል ምናምን። እውነት ነው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ውሃና ማዳበሪያ ያለው ገበሬ ጋ ነው በደንብ የሰራው። እኔ ሁለት ሌሎች ታሪኮችን ነው የምወደው።

አንዱ የካሳቫ ነው። ካሳቫ ስሩ መሬት ውስጥ ሳይበላሽ ብዙ ወር ስለሚቆይ ለክፉ ቀን የሚጠበቅ ሰብል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሚሊባግ የምትባል ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ትንሽ ተባይ ከደቡብ አሜሪካ ኮንጎ ገባች፣ እዛ የሚበላት ጠላት ስለሌለ ካገር አገር እየተሻገረች ማሳውን ጨረሰችው። መድሃኒት ለመርጨት ገበሬው ብር የለውም። ናይጄሪያ ኢባዳን ያለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የነበረው ሃንስ ሄረን ጥያቄውን ገለበጠው፣ ተባይዋ ትውልድ አገሯ ላይ ለምን ችግር አልሆነችም፣ እዛ ማን ነው የሚበላት? ተፈልጋ ተፈልጋ በ1981 ፓራጓይ ተገኘች፣ ጠላቷም አብራ። ጠላቷ በጣም ትንሽ ተርብ ናት፣ እንቁላሏን ሚሊባጓ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፣ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ከውስጥ ይበላታል። ተርቧ ሌላ ነገር እንዳትጎዳ ለንደን ኳራንታይን ውስጥ ከታየች በኋላ ኢባዳን ላይ በብዛት ተራባች፣ ከዛ ከመሬትም ካውሮፕላንም ተለቀቀች፣ በመጨረሻ ወደ 30 አገር ተዳረሰች። ገበሬው አምስት ሳንቲም አላወጣም፣ አብዛኛው ምን እንደተደረገለት እንኳን አያውቅም። ይሄ በአንድ አገር አቅም የሚሰራ ነገር አይደለም፣ የአንዱ አገር ተባይ፣ የሌላው አገር ተርብ፣ የሶስተኛው ላብራቶሪ፣ የአራተኛው ገንዘብ ነው፣ ማንም ይሄ የኔ ነው ብሎ አልያዘውም።

ሁለተኛው የአቀንጭራ ነው፣ በኮርስህ ሳታገኘው አትቀርም። አቀንጭራ የማሽላው ስር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው፣ አንዷ ተክል ብዙ አስር ሺህ ዘር ትረጫለች፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል፣ የሚነቃው የማሽላው ስር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያሸት ብቻ ነው። ወጥቶ ስታየው ደግሞ አልፏል፣ ብታርመውም ጉዳቱን ከስር ጨርሶታል። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከስራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ያንን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚለቅ ማሽላ ፈልገው አዳቀሉ፣ አረሙ አጠገቡ ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። በ2009 የወርልድ ፉድ ፕራይዝ ተሸልመውበታል። ለጥያቄህ ግን የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1994 የዚህ ማሽላ 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ሲከፋፈል ያከፋፈለው ማን ነው? ዎርልድ ቪዥን፣ የእርዳታ ድርጅት። መኪናው፣ መጋዘኑ፣ መንገዱን የሚያውቀው ሹፌር፣ ገበሬውን በስሙ የሚያውቀው የመስክ ሰራተኛ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጋ አይደለም። እንዳልከው እርዳታውን ብናቆም ያ ዘር በምን ይሄድ ነበር?

ዳታ ማካፈልም እንደዛው ነው። በ2016 መጀመሪያ ባንግላዴሽ ውስጥ ስንዴው ድንገት እየነጣ ሲደርቅ ተመራማሪዎቹ ፔፐር እስኪወጣ አልጠበቁም፣ የናሙናውን ጂኖም ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት፣ በሳምንታት ውስጥ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ የስንዴ ብላስት የሚባል የፈንገስ በሽታ መሆኑ ታወቀ። የሶሪያው ደግሞ አለ፣ አሌፖ አጠገብ የነበረው የኢካርዳ (የደረቅ አካባቢ ግብርና ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ነው) ጂን ባንክ፣ ማለት የዘር ማከማቻው፣ በጦርነቱ ሊደረስበት ሳይቻል ሲቀር ቀድሞ ኖርዌይ ስቫልባርድ በረዶ ውስጥ አስቀምጦት የነበረውን ኮፒ በ2015 አወጣ፣ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ ዘርቶ አራብቶ ከ2017 ጀምሮ መልሶ አስቀመጠ። የስንዴና የገብስ የምስርም ዝርያ ነው፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ የለም።

እና ሳይንስ ማካፈል በቃ ይሰራል ማለት ነው? አይ፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ተማሪ ሆነህ አይነገርህም። አዲስ ዝርያ ተለቀቀ ይባልና ዜና ይሰራበታል፣ ከዛ መነሻ ዘር ማን ያባዛው? ዘር ብዜት አሰልቺ ስራ ነው፣ ሽልማት የለውም፣ ጆርናል ላይ አይወጣም፣ ስለዚህ ጥሩ ዝርያ ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ወይም ምርቱ ይጨምርና ነቀዝ ይበላዋል። በኤፍኤኦ (የተባበሩት መንግስታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ግምት ከዓለም ምግብ 13 በመቶ ገደማው ከአጨዳ በኋላ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል፣ የነቀዙን ችግር ደግሞ አየር የማያስገባ ባለ ሶስት ድርብ ከረጢት ያለ አንዳች መድሃኒት ይፈታዋል፣ ውስጡ ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል፣ በቃ ይሄው ነው። እንደሱ አይነት ቀላል ነገር እያለ ስለ ድሮንና ስለ ኤአይ የሚደረገው ስብሰባ ብዛት አንዳንዴ ያበሽቀኛል።

የሚያመኝ ግን እውቀቱ ኖሮ፣ ደርሶ፣ ሁሉም አንብቦት ምንም ሳይደረግ ሲቀር ነው። ሶማሊያ 2011 እሱ ነው። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲስተሙ ከ2010 ጀምሮ ዝናቡ ይከሽፋል፣ ዋጋ እየወጣ ነው እያለ ሪፖርት ሲያወጣ ነበር። ገንዘቡ የመጣው ሐምሌ 2011 ላይ ረሃብ ከታወጀ በኋላ ነው። ረሃብ ለማወጅ ደግሞ መስፈርቱ ከ5 ቤት ቢያንስ 1ዱ የሚበላ አጥቶ፣ 30 በመቶ ህፃናት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ተጎድተው፣ ከ10 ሺህ ሰው በቀን ቢያንስ 2 እየሞተ መሆን አለበት። ማለት ሲታወጅ ሰው አልቋል። ወደ 260 ሺህ ሰው ሞቷል፣ ከግማሽ በላዩ ከ5 ዓመት በታች ህፃን ነው፣ ብዙውም ከአዋጁ በፊት። አካባቢውን የያዙት የአልሸባብ ታጣቂዎች እርዳታ አናስገባም ማለታቸው አለ፣ ለጋሾቹም የፀረ ሽብር ህጋቸውን ፈርተው እጃቸውን ሰብስበዋል። በ2017 እዛው ሶማሊያ ከባድ ድርቅ ሲመጣ ካሹ በሞባይል ቀደም ብሎ ገባ፣ ሰው ተጎድቷል ግን ረሃብ ሳይታወጅ አለፈ።

መጀመሪያ እመጣበታለሁ ያልኩህ ይሄ ነው። ያ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲስተም፣ ፊውስ ኔት የሚባለው፣ ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ በ1985 የተቋቋመው በአሜሪካ የእርዳታ በጀት ነው። የሳተላይት ምስሉ፣ የዝናብ ዳታው፣ የገበያ ዋጋው በነፃ ለሁሉም ይለቀቅ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የእርዳታው በጀት ሲቆም ድረገፁ ጠፋ፣ የ40 ዓመት መረጃ በአንድ ሳምንት ከእጃችን ወጣ፣ ከወራት በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተመለሰው። በዛው በጀት ስር ከነበሩት የዩኒቨርሲቲ የሰብል ምርምር ላብራቶሪዎችም አብዛኞቹ አብረው ተዘጉ። እና እህሉን አቁመን ገንዘቡን ለሳይንስ እናውለው ስትል በወረቀት ላይ ያምራል፣ የሆነው ግን ሁለቱም በአንድ ላይ መቆረጥ ነው፣ የተረፈውን ለምርምር የጨመረ አላየሁም።

ጦርነትን ብዙ አላነሳሁም፣ ዛሬ በጣም የከፋው ረሃብ ያለው ጦርነት ያለበት ቦታ ነው፣ ሱዳንን ማየት ነው። መንገድ ዘግቶ ህዝብ ማስራብን የፀጥታው ምክር ቤት በ2018 በውሳኔ 2417 አውግዟል፣ እዛ ላይ ግን የኔም ያንተም ሙያ አይፈታውም፣ የፖለቲካ ነው።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ የእፅዋት ሳይንስህን እንዳትቀይር። የስነ ምግብ ሰው ሞልቷል፣ ዘር ብዜትና ድህረ ምርት የሚያውቅ ሰው ግን የእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ በፋኖስ ነው የሚፈለገው። እሱ ላይ ስታቲስቲክስ ጨምርበት፣ ጂአይኤስም (የካርታ መረጃ ስራ) ቢሆን መሰረታዊውን። የኤፍኤኦ ኢለርኒንግ አካዳሚ ነፃ ነው፣ የአይፒሲ፣ ማለት የረሃብ ደረጃ መለያው፣ ኮርስም እዛ አለ። ለጆርናል ደግሞ ዩኒቨርሲቲህ አጎራ በሚባለው የጆርናል ማግኛ ላይ መመዝገቡን ላይብረሪ ጠይቅ፣ ኤፍኤኦ ከ2003 ጀምሮ ለታዳጊ አገር ተቋማት በነፃ ወይ በትንሽ ክፍያ የሚያስከፍተው ነው፣ ብዙ ተማሪ ፓስወርዱ ላይብረሪው ጋ እንዳለ ሳያውቅ ይመረቃል። ከዛ አንድ የስማርት ሰርቬይ (የህፃናት ምግብ እጥረትና ሞት የሚለካበት የቤት ለቤት ዳሰሳ) ሪፖርት አውርድና ውጤቱን ለጊዜው ተወው፣ ናሙናውን እንዴት እንደመረጡ ብቻ አንብብ፣ የትኛው ቀበሌ በፀጥታ ምክንያት እንደቀረ፣ ምን ያህል ቤት ተዘግቶ እንዳገኙ። ያ ክፍል ሳያሰለችህ ካነበብከው ስራው ይሆንሃል።